የጃፓን አድራሻ ካርታ ላይ እንዴት ይገባል?

ጥያቄ፦ ቶኪዮ ነው የምኖረው፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ (ማንም ሰው የሚያርመው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ) ሕንጻ እየጨመርኩ ነው ግን መንገዱ ስም የለውም፣ የመንገድ ስም የሚለው ጋ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ባዶውን ተወው ወንድሜ፣ እባክህ ቅርብህ ያለውን ትልቅ መንገድ ስም እንዳትሞላበት፣ እዛ አድራሻ ባብዛኛው የሚሄደው በሰፈርና በብሎክ (በመንገድ የተከበበ የቤቶች ስብስብ) ነው። የቶኪዮ መስተዳድር ሕንጻን እንይ፣ ሺንጁኩ ውስጥ ኒሺሺንጁኩ 2-8-1 ነው የሚለው፣ ኒሺሺንጁኩ ሰፈሩ ነው፣ 2 ቾሜው ማለት የሰፈሩ ክፍል፣ 8 የብሎኩ ቁጥር፣ የቤት ቁጥሩ መጨረሻ ያለችው 1 ብቻ ናት። ብዙ ሰው 2-8-1ን እንዳለ የቤት ቁጥር ላይ ይለጥፈዋል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ይሄን የብሎክ ቁጥር ያመጣው እ.ኤ.አ. የ1962ቱ የአድራሻ ሕግ ያልደረሰባቸው ሰፈሮች ደግሞ በመሬት ቁጥር ነው የሚሄዱት፣ እዛ ጎረቤታሞች እንኳ ቁጥራቸው ላይከታተል ይችላል፣ ስለዚህ በግምት አትሙላ። ኪዮቶ ግን ለየት ትላለች፣ የመንገድ ስም አድራሻ ውስጥ ይገባል።