ልጆቼ የእኔን ካርቱን አልወደዱልኝም

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

በአዳማ ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖር የ33 ዓመት ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ዲሽ የነበራቸው አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ጫማችንን ደጃፋቸው ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን፤ የአዳማ ነፋስ ሳህኑን ባነቃነቀው ቁጥር ትልቁ ልጃቸው ጣሪያ ላይ ይወጣና እኛ ከታች «መጣ! ኧረ ሄደ! ትንሽ ወደ ግራ መልሰው!» እያልን እንጮኻለን። በዐረብኛ የተተረጎመውን የእግር ኳስ ካርቱን ካፕቴን ማጅድንም ቶምና ጄሪንም ያወቅኳቸው በዚያ ቤት ነው። የካፕቴን ማጅድ የዐረብኛ መዝሙር አንድም ቃሉ ሳይገባኝ ዜማው እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም።

አሁን እነዚያን ካርቱኖች ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼ አብረን እንድናይ አደርጋለሁ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ግን አምስት ደቂቃ ሳይቆይ «ስልክህን ስጠኝ» ይለኛል፤ ታናሽ እህቱም እርሱን ተከትላ ትነሣለች። ባለፈው ቅዳሜ ተቆጥቼ «ቁጭ ብለህ እይ!» ስለው አለቀሰ። ባለቤቴ «የአንተን ልጅነት በግድ አታጉርሳቸው» ብላኝ ተቀያየምን። እውነቱን ለመናገር እኔም ብቻዬን ሳየው እንደ ድሮው አያስቀኝም። ልጆቼን ምን ነካብኝ? ወይስ የተነካሁት እኔ ነኝ?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከአዳማ

ውድ ጠያቂያችን፣

ልጆችዎን ምንም አልነካቸውም፤ እርስዎም ደህና ነዎት። ቶምና ጄሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ብቅ ሲል የተሠራው ለሲኒማ ቤት ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሆኖ ከዋናው ፊልም ጋር ይታይ ስለነበር፣ ሕፃንም አዋቂም ባለበት አዳራሽ ውስጥ በጋራ እንዲሳቅበት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። እርስዎም ያዩት ጎረቤትዎ ሳሎን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው። ቶም መጥረጊያው ላይ ቆሞ እጀታው ግንባሩን ሲመታው ከሳቅዎ ግማሹ ከአጠገብዎ ከተቀመጠው ልጅ ይጋባብዎ ነበር፤ ብቻዎን ሲያዩት ቢደበዝዝብዎ አይደነቅም።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የዐረብኛው የልጆች ጣቢያ ኤምቢሲ 3 በ1997 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የነበረ ልጅ ያመለጠውን ክፍል እንደገና የሚያገኘው ጣቢያው ከደገመለት ብቻ ነበር፤ መብራት ከጠፋም ያው አለቀ። የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን ትልቅ ወግ በነበረባት በአሜሪካ እንኳ፣ ሌት ተቀን ለልጆች የሚያሳዩ የኬብል ጣቢያዎችና ኢንተርኔት ተመልካቹን ስለወሰዱበት፣ ከትልልቆቹ አገር አቀፍ ጣቢያዎች የመጨረሻው ይህን የካርቱን ሰዓት በመስከረም 2007 ዓ.ም. ዘግቶታል። ልጅዎ የፈለገውን በፈለገው ሰዓት በሚያገኝበት ዘመን ስለተወለደ፣ ቅዳሜን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ ከእንቅልፍ መቀስቀሱም ቅጣት ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ባለቤትዎ የተናገሩት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። (ቅያሜውን ዛሬውኑ ቢያበርዱት መልካም ነው፤ በካርቱን የተጣላ ባልና ሚስት መቼም ለሽማግሌ አይመችም።) ልጆቹን መቀስቀስዎን ይተዉና በሚስማማቸው ሰዓት አንድ ቋሚ ጊዜ ይወስኑ፤ በዚያ ሰዓት የሁሉም ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የጎረቤት ልጆችን ይጥሩ፤ ቆሎም ሆነ ዳቦ በሳህን ይቅረብ። ለታናሺቱ በአማርኛ የተሠራውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ቢሞክሩላት ደስ ይላታል ብዬ እገምታለሁ፤ ቀጭኔዋ አሻንጉሊት የምትናገረው እርሷ በምትሰማው ቋንቋ ነው።

ጎረቤትዎ በሕይወት ካሉ ልጆችዎን ይዘው ይጠይቋቸው። ጣሪያ ላይ ይወጣ የነበረውን ልጅ ታሪክ ከእርሳቸው አፍ ቢሰሙ፣ ካወረዱት ፋይል ሁሉ ይልቅ ያንን ሳይወዱት አይቀሩም።

የሚታየውን ግን በየተራ ምረጡ፤ የመጀመሪያው ተራ የልጅዎ ይሁን። ምርጫው ቢሰለችዎም አንዱን ክፍል ሳይነሡ ይጨርሱለት፤ እርሱም እኮ የእርስዎን አምስት ደቂቃ ታግሦ አይቶልዎታል።