ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ኦፕራሲዮን ሲኖረው

እህቴ፣ ልጅሽ ለቡአ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ እንደተያዘለትና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) ስላለበት ሰመመኑ ይጎዳው ይሆን ብለሽ እንደተጨነቅሽ አነበብኩ። የእኔም ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ለቡአ ተሠርቷል፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ኤዲኤችዲ ስላለበት ብቻ ኦፕራሲዮን አይከለከልም። ዋናው መድኃኒቱ ነው። ለኤዲኤችዲ የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሰመመን ሰጪው ማወቅ አለበት። ለሐኪሙ ነግሬያለሁ ብለሽ አትተዪው። ሰመመን ሰጪውን ራሱን አግኝተሽ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን አሳይተሽ፣ የዕለቱን ጠዋት ይውሰድ ወይስ ይቅርበት ብለሽ ጠይቂ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ ያነሳሁት ራሴ ነኝ። በራስሽ ውሳኔ ግን አታቋርጪበት።

ጾሙን አደራ። አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ውኃ ይቆማል፤ የአንቺው ሐኪም ያለሽን ተከተይ። የእኛ ልጆች «እንዳትበላ» ተብለው ወዲያው ዳቦ ይጎርሳሉ፣ ረስተውት እንጂ አምፀው አይደለም። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማታውኑ የሚበላ ነገር ከዓይኑ አርቂ፣ አብረሽው እደሪ። ከቀመሰ ደግሞ ቀጠሮው ቢተላለፍም ተናገሪ።

ትልቁ ፈተና ግን ቤት ነው። ሕመሙ ትንሽ ቀለል ሲለው ድኛለሁ ብሎ ያስባል። የእኔን ልጅ ከበር ውጭ ነው ያገኘሁት፦ ኳሷን በአንድ እግሩ ረግጦ፣ ሸሚዙን ገልቦ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ እየላጠ ለጓደኞቹ ያሳያል። «ተኛ» ማለት ብቻ አይሠራም፣ እጁን የሚይዝለት ነገር ስጪው። እኛን ያዳነን ገበጣ ነው፤ ከአጎቱ ጋር ሲጫወት ሳያውቀው ይውል ነበር።

ማስታገሻውን አመመኝ እስኪል አትጠብቂ። ሲጫወት ሕመሙን ይረሳዋል፣ ማታ ግን ያለቅሳል። ሰዓቱን ስልክሽ ላይ ሙዪ፣ የሰጠሽውንም ጻፊ፤ ፓራሲታሞል በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ሁለት ጊዜ እንዳትሰጪው። የኤዲኤችዲ መድኃኒቱን መቼ እንደሚጀምር ከሆስፒታል ሳትወጪ ጠይቂ። ሲጀምር የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋው ከመዋጡ በፊት በደንብ አብዪው፤ ገንፎ፣ እንቁላል፣ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ፣ የሚወደውን።

ቁስሉ ሳይድን ጣና ውስጥ እንዳይገባ። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያም አለ፣ የተከፈተ ቁስል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትኩሳት፣ መግል፣ የቁስሉ መቅላትና እያደር ማበጥ ወይም የማያቆም ትውከት ካየሽ በዚያው ቀን ውሰጂው።

ብስክሌትና ኳስ እስከ መቼ እንደሚከለከል ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍልሽ። ያንን ወረቀት ለስፖርት መምህሩ ራስሽ ስጪው፣ በልጁ አትላኪው።