ጎርጎራ ላይ የሐይቅ ዳር ቤት እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። 32 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልጆቻችን ራሳቸውን ስለቻሉ፣ እኔና ባለቤቴ የከተማውን ቤት አከራይተን የቀረውን ዕድሜያችንን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ለማሳለፍ አስበናል። አንድ ደላላ ከውሃው 30 እርምጃ ያህል ብቻ የምትርቅ፣ ሦስት ክፍል ያላት፣ ዙሪያዋን ማንጎና ጌሾ የተተከለባት የጭቃ ቤት አሳይቶናል። ዋጋዋ አዘዞ ላይ ከሚጠየቀው ግማሹን አይሞላም። ያየናት በሚያዝያ ወር ነው። ባለቤቴ በጣም ወድዳታለች፤ ታላቁ ልጃችን ግን ውሃ ዳር ቤት አይገዛም ብሎ ይከራከረናል። ጥቅሟንና ጉዳቷን አመዛዝናችሁ ብትነግሩን።
ጡረተኛው መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባለቤትዎ ቤቷን ለምን እንደወደዷት ይገባኛል። ማለዳ ታንኳው ከደንገሉ መሐል ብቅ ሲል፣ ቆሮሶውና አምባዛው ከሐይቁ እንደወጣ ከደጃፍ ሲገዛ፣ ከጎንደር ብርድ ለወጣ ሰው ደግሞ አየሩ ለስለስ ሲል፣ ይህን ያየ ሰው እዚያው ልኑር ቢል አይፈረድበትም። በ2016 ዓ.ም. የጎርጎራው ሪዞርት ከተመረቀ ወዲህ የአካባቢው ስም ይበልጥ መነሣቱም እውነት ነው። ይህ ሁሉ በዓይን የሚታይ ስለሆነ አላብራራውም፤ በሚያዝያ ወር የማይታየው ላይ ልቆይ።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝም ይኸው ሚያዝያ የሚለው ቃል ነው። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ሐይቅ አይደለም። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ በክረምት የሚያመጡትን ውሃ ተቀብሎ በተፈጥሮ የሚያስወጣው በዓባይ በኩል ብቻ በመሆኑ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ከዚያ እየጎደለ ይሄድና ግንቦትና ሰኔ ላይ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ይደርሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ያህል ነው። ይህ በአፍ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መሬቱ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ዝርግ ከሆነ፣ የውሃው ዳር በዚያው ዓመት 150 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እርስዎ 30 እርምጃ የቆጠሩት ውሃው ሸሽቶ በነበረበት ወቅት ነው። ቤቷ ከኮረብታው ግርጌ ባለ ቋጥኝ ላይ ከሆነች ስጋቱ ይቀንሳል፤ ከሐይቁ በስተሰሜን በተዘረጋው ዝርግ የደምቢያ ሜዳ በኩል ከሆነች ግን በጣም ያሳስበኛል።

ከዚህ ሌላ፣ የሐይቁን ከፍታ ዛሬ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ዓመት ውሃው ደጃፍዎ ሊደርስ፣ በሌላው ዓመት ደግሞ በመስኮትዎ የሚያዩት የደረቀ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ በደምቢያ በኩል ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቤት በእንግድነት አርፌ ነበር። ግድግዳው በኖራ የተቀባ ቢሆንም ከኖራው ሥር፣ ጉልበቴ ትክክል ላይ፣ ቡናማ መስመር ዙሪያውን ሄዷል። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው የቤቱ እመቤት በጣታቸው እየተከተሉ «ይህ የ98ቱ ጎርፍ ነው» አሉኝ። በጣታቸው ሲነኩት ጭቃው ይረግፍ ነበር። እርስዎም ቤቷን ዳግመኛ ሲያዩ ከደላላው ቀድመው ግድግዳውን ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ ጎረቤቱንም በ1998 ዓ.ም. ክረምት ውሃው የት እንደደረሰ ይጠይቁ።

አፈሩንም ይዩት። የሜዳው መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጥልቅ የድንጋይ መሠረት የሌለው የጭቃ ቤት ይህን በየዓመቱ ሲችል ግድግዳው ይነቃል፣ በሩም አልገጥም ይላል። የዋጋዋ መርከስ ለጥገናና ለመሠረት ከሚወጣው ወጪ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት።

ስለ ወባ እርስዎ በሚገባ ያውቃሉ። በ1945 ዓ.ም. መጨረሻና በ1946 ዓ.ም. መጀመሪያ በደምቢያ የተነሣው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅ ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያትም ያ እልቂት ነበር። ዛሬ አጎበርና መድኃኒት ቢኖርም፣ ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ እየሸሸ የሚተወው ኩሬ ትንኝ ያራባል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ሌሊት የተነሣ ትኩሳት ይዞ ወደ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ቀላል አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም አለ፤ ነፋስ ወደ ዳር ሲገፋው ሐይቁን ሜዳ ያስመስለዋል፣ ታንኳም አያሳልፍም።

ከሁሉም በላይ ግን ደላላውን ሊጠይቁት የሚገባው ሻጩ በእጁ የያዘው የከተማ ይዞታ ካርታ ነው ወይስ ለገጠር መሬት የሚሰጠው አረንጓዴ ደብተር የሚለውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ቦታው የገጠር ይዞታ ከሆነ ውሉ «ኪራይ» ወይም «ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሽማግሌም ቢቀመጥበት፣ ሻጩ ወይም ወራሾቹ ነገ ሲከስሱ ለእርስዎ መከላከያ የሚሆን ነገር የለም። ግማሽ ዋጋ የተባለው በዚህ ምክንያት እንዳይሆን እፈራለሁ። ቦታው በከተማው ክልል ውስጥ ከሆነም ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን፣ በፕላኑ ላይ ለሐይቁ ዳር ጥበቃ ያልተከለለ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ፣ መሆኑን አይርሱ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውልም በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህችን ቤት አሁን አልገዛትም። የባለቤትዎን ምኞት ግን አልነፍጋቸውም፤ ሐይቁ ከከተማው ኮረብታ ላይ ሆኖም ይታያል፣ እዚያ ካርታ ያለው ቤት ቢገኝ ራቅ ማለቱ ጉዳት የለውም። ባለቤትዎ ከዚህችው ቤት ሌላ አልፈልግም ካሉ ደግሞ ከሰኔ እስከ ኅዳር ተከራይተው ይኑሩባት፣ ክረምቱንም የወባውንም ወቅት በዚያው ያሳልፉ። በመስከረም መጨረሻ ከበሩ ተነሥተው እስከ ውሃው ድረስ ያሉትን እርምጃዎች እንደገና ይቁጠሩ። እስከዚያ ድረስ ቀብድ አይክፈሉ።