ሐዋሳ ላይ ቢዝነስ ለምታስቡ፦ ሶላሩን ከቢሉ ጋር ሳይሆን ከናፍጣው ጋር አስሉት

ሰሞኑን የሚደወልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሐዋሳ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ልከፍት ነው፤ ጄኔሬተር ልላክ ወይስ ሶላር?» ከዳላስ ይደወላል፣ ከቶሮንቶ ይደወላል። እኔም አሜሪካ 19 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት የሂሳቡን መነሻ ማስተካከል እወዳለሁ።

እዚያ ሶላር ማለት የመብራት ቢል መቀነሻ ነው። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ቢሉ ይወርዳል፣ ከዓመታት በኋላ ወጪውን ይመልሳል። ይህ ስሌት ሐዋሳ ላይ አይሠራም። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ታሪፉ እየጨመረ ቢሆንም ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም። በቢል ብቻ ካሰላችሁት ሶላሩ ውድ ሆኖ ይታያችኋል፤ ትተዉትና ትልቅ ጄኔሬተር ትገዛላችሁ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ማረፊያዬን ስከፍት 60 ኬቪኤ፣ ማለትም 48 ኪሎዋት ገደማ የሚሸከም ጄኔሬተር አስገባሁ። «ትልቅ ይሁን፣ ሁሉንም ይሸከም» ተብዬ ነበር። ማታ መብራት ሲሄድ ግን የሚሠራው ምንድን ነው? አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ሁለት ፍሪጅ፣ ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ጠዋት ገዝተን የምናስቀምጠው የአሳ ማቀዝቀዣ። ተደምሮ 6 ኪሎዋት አይሞላም። ጄኔሬተር በደንብ ተጭኖ ሲሠራ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲሶ ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበቃዋል። ጭነቱ ሲያንስ ግን ለዚያችው ኪሎዋት ሰዓት እጥፉን ሊጠጣ ይችላል። ይህ ብቻ አይደለም። ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ከሠራ ናፍጣው በቅጡ አይቃጠልም፣ ሞተሩ ውስጥ ጥቀርሻ ይሞላል። የእኔ በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ወርዶ ተሠራ። በዚያው ሳምንት የተበላሸው ቆሮሶ አሁንም ያንገበግበኛል። አስጋሪው ሌሊት ሐይቅ ላይ አድሮ ያመጣው አሳ ነው።

ስለዚህ ሶላሩን ከናፍጣው፣ ከጥገናው፣ ከተበላሸው ዕቃና ከሄደው እንግዳ ጋር አስሉት። ያኔ ሂሳቡ ይገለበጣል።

ማይክሮግሪድ የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። የራሱ ምንጭ፣ የራሱ ማከማቻና የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ የኃይል መረብ ነው። የመብራት ኃይል መስመር ሲኖር ከመስመሩ ጋር ይሠራል። መስመር ሲጠፋ ራሱን ነጥሎ ብቻውን ይቀጥላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሲመታ ኒውጀርሲ የነበራችሁ ጨለማውን ታስታውሱታላችሁ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግን ከመስመሩ ተለይቶ በራሱ ማመንጫ ቀጥሎ ነበር። የእኔ ግቢ ሐሳብም ያው ነው፣ መጠኑ ነው የሚለየው። ጣሪያ ላይ 12 ኪሎዋት ሶላር፣ የሊቲየም ባትሪ፣ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት የሚቀይር)፣ አነስ ያለ ጄኔሬተር። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይረከባል፤ እንግዳው እንኳን አያውቅም። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ባትሪው ሲወርድ ብቻ ነው። ሲነሳም ባትሪውን እየሞላ በደንብ ተጭኖ ይሠራና ይጠፋል። ከመስመሩ ግን አልወጣሁም። ርካሹን የመስመር ኃይል ለምን እተወዋለሁ?

«ሕዳሴ ግድቡ ተመርቋል፣ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ እስከ ሰፈራችሁ ማድረስ ሌላ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም በዝናብ ምሰሶ ሲወድቅ የግድቡ ውሃ ሙሉ ቢሆንም እናንተ ጋ ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ ልግባ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። ከአሜሪካ ዕቃ ጭናችሁ አትላኩ፣ ቢያንስ ሳታጣሩ። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ለአሜሪካ ቤት የተሠራ ኢንቨርተር ሐዋሳ ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ሆኖ ይቀራል። ሆቴል ከሆነ ደግሞ ሦስት ፌዝ (ኃይሉ በሦስት ሽቦ የሚመጣ መስመር) ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ የባሰ ነው። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ የሶላር ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል። ብልሽት ሆኖ አይደለም፤ መስመር ላይ የወጣ ሠራተኛ በእናንተ ኃይል እንዳይመታ ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ ወዳጄ ጣሪያውን በፓኔል ሸፍኖ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቤቱ ጨለማ ሲሆን አይቻለሁ። ሻጩ አልነገረውም። ስለዚህ ስትጠይቁ «መስመር ሲጠፋ ብቻውን ይቀጥላል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ስትረከቡ ዋናውን ማብሪያ አስጠፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

መጠኑን ለመወሰን፣ የማይቋረጠውን ለይታችሁ ጻፉ። ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ኮሪደር፣ ካሜራ፣ ካሽ ማሽን። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል፤ ከባትሪው አርቁት። መስመር ሲኖር ወይም እኩለ ቀን ላይ ይጋገር። ፓምፕና ኮምፕረሰር ሲነሱ ከተለመደው 5 እና 6 እጥፍ ኃይል ለቅጽበት ይጠይቃሉ፤ ኢንቨርተሩ ይህን ካልቻለ በየምሽቱ ይቆርጣል።

በበጋ 10 ኪሎዋት ፓኔል በቀን 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ስለሚበዛ ይቀንሳል፤ በክረምቱ ልክ አስቡ። የሐዋሳ ፀሐይ ከአናት በላይ ነው። ዴንቨር ላይ እንደምታዩት ፓኔሉን ቀና ማድረግ አያስፈልግም፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይበል።

ከጎረቤት ጋር መጋራት ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው። ዳቦ ቤት ሌሊት ይሠራል፣ ፋርማሲ ቀን፣ ማረፊያ ማታ። ጭነታቸው ስለማይገጣጠም አንዱ ባትሪ ለሦስቱ ሊበቃ ይችላል። ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፣ ለየራሳችሁ ቆጣሪ አስገቡ። ለሌላ ሰው ኃይል ሸጦ ገንዘብ መቀበል ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ገመድ ከመዘርጋታችሁ በፊት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ ግንባታ ላይ ናችሁና። የማይቋረጡትን ዕቃዎች መስመር ለብቻ፣ በራሱ የመብራት ማከፋፈያ ቦርድ አስዘርጉ። ለባትሪው ከኩሽናው ሙቀት የራቀ፣ አየር የሚገባው ትንሽ ክፍል ተዉለት። እኔ ይህን ያወቅኩት ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። ልስኑ ተፈልፍሎ፣ ቀለሙ እንደገና ተቀብቶ፣ ሦስት ሳምንት ያለ እንግዳ ቆየሁ። ግድግዳችሁ ገና ካልተለሰነ ዛሬውኑ ለኤሌክትሪሻኑ ደውሉ፤ ሁለት ቦርድ ይሥራላችሁ።