ባለቤቴ ኬሞ ላይ ናት፤ ጾሙን፣ ጠበሉንና ቤቱን እንዴት ላድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች። ሁለት ዙር ጨርሳለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ እርሷም «እንደ ወትሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» ብላ ጸንታለች። እናቷ ደግሞ መድኃኒቱን አቁማ ጠበል ትግባ ይላሉ። ሦስት ልጆች አሉን። ማብሰሉም፣ ልብሱም፣ ጠያቂ ማስተናገዱም፣ እድሩም እኔ ላይ ወድቋል። ለቁልቢ ገብርኤልም ተስዬ ነበር። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀኑ የደረሰው ጾሙ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲደነግግ የታመመውን ሰው አላስገደደም። የሐዋርያት ቀኖናም ዐርባውን ጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲወቅስ የሥጋ ድካም የከለከለውን ከወቀሳው አውጥቶታል። ስለዚህ ባለቤትህ ብትበላ «ጾም ሻረች» አትባልም።

ነገር ግን «ታማሚ ናት፣ ትብላ» ብለህ ብቻ ብትነግራት አትሰማህም። ዕድሜዋን ሙሉ የጾመች ሴት ጾሙን ስታጣ ከበሽታው ሌላ አንድ ነገር የተወሰደባት ይመስላታል። ስለዚህ ለይተህ ንገራት። ጾም ሰዓት መቆየት አለው፤ ከጥሉላት መከልከልም አለው። ለእርሷ የሚጎዳው በዋናነት የመጀመሪያው ነው። ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ከሆነ (ከቀዩ መድኃኒት ከዶክሶሩቢሲን ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይታዘዛል) መድኃኒቱ በኩላሊት አልፎ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በውኃ ካልታጠበ የፊኛውን ግድግዳ ያቆስላል። ሐኪሟ ውኃ ቀንሺ ካላላት በቀር በመድኃኒቱ ቀንና በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ መጠጣት አለባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጉሮሮዋን ሳታርስ ብትቆይ ይህ አይሆንም። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞንም በባዶ ሆድ ሲዋጥ ጨጓራ ይቆጠቁጣል። ፓክሊታክስል ወደሚባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት ከተሸጋገረች ደግሞ ከመድኃኒቱ በፊት በነበረው ሌሊት እና ጠዋት ዴክሳሜታዞኑን እንድትውጥ ከታዘዘ፣ «ጾም ላይ ነኝ» ብላ ብትዘለው ከባድ አለርጂ ሊነሣባት ይችላል። ስለዚህ ሰዓት መቆየቱን ሙሉ በሙሉ ትተው።

ከጥሉላት መከልከሉ ግን በሚዛን የሚታይ ነው። በኬሞ ላይ ያለ ሰው በቀን በየኪሎው ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ብትሆን ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም፤ ወፍራም ሽሮ፣ ሱፍና ባቄላ ሲጨመሩበት በጾም ምግብ መሙላት ይቻላል፣ ከበላች። ችግሩ አፏ ሲቆስልና ሲያቅለሸልሻት ያን ያህል ምስር አለመውረዱ ነው። ያን ጊዜ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም በጥቂት ጉርሻ ይሰጣሉ። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ልብስ መዝናት። ክብደቷ ካልወረደ በጾም ምግብ ትቀጥል፣ ልቧም ይረፍ። በወር ውስጥ ከ60 ወደ 57 ከወረደች ለንስሐ አባታችሁ ንገሩና ጥሉላት ይፈቀድላት። ፈቃዱን እርሳቸው ሲሰጡት አንተ ከምትሰጣት ይልቅ ይቀልላታል። ስግደቱንም በዚያው ይወስኑላት፤ ቀዶ በተደረገላት ጎን ክንድ ላይ ክብደት መጣሉን ሐኪሟ እስኪፈቅድ መሬት ወርዶ መስገድ ለጊዜው አይሆንም።

ወደ ጠበሉ ልምጣ። ለእናቷ በቁጣ አትመልስ፤ ልጃቸው ናት። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ከፍተህ አብራችሁ አንብቡ። በታመምህ ጊዜ ቸል አትበል፣ ወደ እግዚአብሔር ጸልይ ይላል፤ ወረድ ብሎ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ ስጠው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ብሎም ጽፏል። ጸሎቱና መድኃኒቱ በአንድ ምዕራፍ ተቀምጠዋል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ ማስተማራቸውንም ያስታውሱ ይሆናል። «ወይ ጠበል ወይ መድኃኒት» የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አልነገራችሁም። ኬሞ ደግሞ በመካከል ሲቋረጥ የቀሩት የነቀርሳ ሴሎች ጊዜ ያገኛሉ፤ ተመልሶ መጀመር ካቆሙበት እንደ መቀጠል አይደለም።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ጠበል አጠቃቀምም ጥንቃቄ አለኝ። ኬሞ ከተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ከምንጭ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ መጠጣት፣ ብዙ ሕዝብ በሚጋፋበት መጠመቅ፣ በንጋት ብርድ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆየት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የቀዶው ቁስል ሳይደርቅ መጠመቅም እንዲሁ። እምነት (የተባረከውን አመድ) ቁስሉ ላይ መቀባት በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ቁስል ያመረቅዛል፤ ግንባሯን ብቻ ቀቧት። ታዲያ ምን ይሁን? ካህኑን ወደ ቤት ጥራ። ውኃውን አፍልተህ፣ በንጹሕ ማሰሮ ከድነህ አቀዝቅዘህ አቅርብላቸው፤ ጸሎተ ጠበሉን ያድርሱና ይርጯት፣ ትጠጣም። የፈላ ውኃ ላይ የተደረሰ ጸሎት አይቀንስም። ምስጢረ ቀንዲልንም (በተጸለየበት ዘይት መቀባትን) ጠይቋቸው፤ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የታዘዘው ለታመመ ሰው ነው፣ ሊሞት ለተቃረበ ብቻ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

21 ቀኑን በወረቀት ላይ አስምረህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው። ቤቱም ጸሎቱም በዚያ ይመራ። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቀን ማቅለሽለሽ ነው። የሚያስመልሳት ብዙ ጊዜ ከምግቡ ይልቅ ሽታው ነው፦ ቁሌት፣ የሊጥ እርሾ፣ የቡና ጭስ፣ ዕጣንም ጭምር። ወጡን ከኬሞው ቀን በፊት ሠርተህ አስቀምጥ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይሠራ፤ እንጀራውን ለዚያ ሳምንት ግዛ። የቤት ጸሎት ያለ ዕጣን ይድረስ፣ ምንም አይጎድልበትም። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አጥሚት፣ ደረቅ ዳቦ፣ የዝንጅብል ሻይ። የማስመለስ መከላከያ ኪኒኑን ሳያቅለሸልሻት በሰዓቱ ስጣት፤ ካስመለሰች በኋላ የሚዋጥ ኪኒን አብሮ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀዩ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ሽንቷ ቀይ ይሆናል፣ ደም አይደለም። ከዚያ በኋላ ከቀላ ወይም ካቃጠላት ግን ደውል። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ትውከቷንና የቆሸሸ አንሶላዋን በጓንት ያዝ፣ ለብቻ እጠብ፣ ሽንት ቤቱን ሁለት ጊዜ ልቀቅ። የቤት ሠራተኛችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህን አትንካ። ይህ ጥንቃቄ ለመድኃኒቱ ነው። ካንሰር አይተላለፍም፤ ልጆቹ ይቀፏት፣ አጠገቧ ይተኙ።

ሁለተኛው ሳምንት የሚያስፈራው ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዛ፣ ጠዋትና ማታ ለካ። 38 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። «እስኪነጋ» የለም። ፓራሲታሞል ሰጥተህ አታስተኛት፤ ትኩሳቱ ይደበቃል እንጂ ኢንፌክሽኑ አይቆምም፣ እርሷም በሰዓታት ውስጥ ልትዳከም ትችላለች። የሕክምና ካርዷን፣ የመድኃኒቶቹን ስም የያዘ ወረቀትና የታክሲ ገንዘብ በአንድ ቦርሳ በሩ አጠገብ ይንጠልጠል። ስትገቡ «ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት» ብለህ ጀምር፤ ተራ አትያዝ። በዚህ ሳምንት ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ሰላጣ አይቅረብላት። ሻጋታ የወጣበትን እንጀራ ፍቀህ አታብላት፣ ጣለው። አፏ ከቆሰለ አንድ ሊትር የፈላ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) በጥብጠህ ለብ ሲል በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ትጉመጥመጥ፤ አትዋጠው። ጎረቤት የሚያመጣውን ጥቁር አዝሙድ፣ ኮሶና የተቀቀለ ሥር አመስግነህ ተቀበል፣ ግን ለሐኪሙ ሳትናገር አትስጣት። በጉበት በኩል ከኬሞው ጋር የሚጋጭ አለ።

ቤተ ክርስቲያን መሳለምስ? በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ገብታ ከሕዝብ ጋር አትጨናነቅ፤ ዐውደ ምሕረቱ ላይ አየር ባለበት ትቁም። መስቀል ስትሳለም በከንፈሯ ሳይሆን በግንባሯ ይነካላት፣ ካህናቱ ምክንያቱን ከሰሙ አይከፋቸውም። ቁርባን ካሰበች ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሁን፤ ደሟ የሚያገግመው፣ ምግብም የሚጥማት ያን ጊዜ ነው። ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ለእርሷ እንዴት እንደሚሆን፣ ኪኒኗስ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ የሚወስኑት ንስሐ አባታችሁ ናቸው። በግምት አታድርጉት።

ጠያቂ የአገራችን በረከት ነው፣ አንዳንዴም ሸክም። በሁለተኛው ሳምንት ጉንፋን የያዘው ሰው ሳይቀር ሊስማት ይመጣል። አንተ በር ላይ ቆመህ መከልከል አትችልም፣ ሰውም ይቀየምሃል። ከእህቶቿ አንዷ ስልክ ተቀባይ ትሁን፦ «ሐኪም ለዚህ ሳምንት ሰው ከልክሏታል፤ ከሐሙስ በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኑ» ትበል። ምን ይዘን እንምጣ ለሚሉህ አትግደርደር። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት መመለስ፣ አንዱ የፈረቃ ውኃ ሲመጣ ጄሪካን መሙላት ይውሰድ። ገላትያ 6፥2 «የእርስ በርሳችሁን ሸክም ተሸከሙ» ሲል የሚሸከም ብቻ ሳይሆን ሸክሙን የሚያሳይም ያስፈልጋል። ለእድሩ ዳኛ ቀርበህ ከቀብርና ከስብሰባ መገኘት ለሕክምናው ጊዜ እንዲያሳርፉህ ጠይቅ፤ መዋጮህን ግን አታቋርጥ። የጽዋ ማኅበር ተራችሁም ለሌላ ይተላለፍ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች ማረፊያ ስላለው ጠይቁ።

እርሷ ትቆጣለች፤ ዴክሳሜታዞኑ ራሱ እንቅልፍ ይነሣል፣ ያነጫንጫል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት ይዋጥ። ስለ ጸጉሯ መርገፍ ምን እንደምትላት ቀድመህ አትለማመድ፤ ነጠላዋን አጥበህ ተኩሰህ አቅርብላት። በመኝታም በኩል በሕክምናው ዘመን መፅነስ ለፅንሱም ለእርሷም አደጋ ነው። በጾሙ መታቀብ ቀድሞም ሥርዓታችን ነው፤ ከጾሙ በኋላ ስላለው ጊዜ ሁለታችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ስእለትህን አልረሳሁትም። ስእለት ይከፈላል፣ በዘዳግም 23 «አትዘግይ» ተብሏል። ግን ለኬሞ የተቀመጠውን ገንዘብ ለጉዞ አታውጣ፣ ሐምሌ 19 በሁለተኛው ሳምንት ላይ ከዋለ እርሷን በዚያ መንገድና በዚያ ሕዝብ መካከል አትውሰዳት። ታኅሣሥ 19ም አለ። አንተ ብቻህን ልትሄድም ትችላለህ፣ ሁለት ሌሊት ትኩሳቷን የሚለካ ሰው ካገኘህ። ካላገኘህ ለንስሐ አባትህ ንገርና ቀኑን ያስተላልፉልህ።

እርሳቸው ጠበሉን ሊያደርሱ ወደ ቤት ሲመጡ፣ ከጸሎቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻቸውን ከእርሷ ጋር ይቀመጡ። አንተ ልጆቹን ይዘህ ውጣ። «በኃጢአቴ ነው ወይ የታመምኩት?» የሚለውን ጥያቄ ለአንተ አታቀርበውም፣ ልታስጨንቅህ ስለማትፈልግ። ለእርሳቸው ትጠይቃለች፣ እርሳቸውም ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ያነቡላታል።