የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለኮራል ገንዳ የሚጨመሩ ጥቃቅን ማዕድናት መጠናቸው እንዴት ይወሰናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። በውስጡ ለስላሳ ኮራሎች፣ ዞአንቲዶች የሚባሉ ቁልፍ መሰል የኮራል ዘመዶችና ደረቅ አጽም የሚሠራ አንድ ትልቅ የመዶሻ ኮራል አሉ። የገንዳ ጨው ውድ ስለሆነና እንደ ልብ ስለማይገኝ ውሃውን የምቀይረው አልፎ አልፎ ነው። ይህን ለማካካስ ከውጭ የመጣ ዘመዴ አራት ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ፤ አንዱ አዮዲን፣ አንዱ ስትሮንሺየም፣ አንዱ ብረትና ማንጋኒዝ፣ አንዱ ደግሞ ሁሉን አቀፍ የሚባል ቅልቅል ነው። በየሳምንቱ በመለያቸው ላይ በተጻፈው መጠን እጨምራለሁ። ሆኖም የኮራሎቹ ቀለም እየደበዘዘ፣ መዶሻው ኮራል እየተሸማቀቀ፣ የገንዳው መስታወትም ቶሎ ቶሎ አረንጓዴ እየለበሰ መጥቷል። መጠኑን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?
አንባቢያችሁ፣ ከልደታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው አራቱንም ጠርሙሶች ቢያቆሙ ይሻላል። በመለያው ላይ የሚጻፈው መጠን በሊትር ብዛት የተሰላ ነው እንጂ የእርስዎ ኮራሎች በሳምንት ምን ያህል እንደሚወስዱ አምራቹ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም ሌላ ገንዳው 200 ሊትር ይያዝ እንጂ ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚሻሙ በውስጡ ያለው ውሃ ከ160 እስከ 170 ሊትር ቢደርስ ነው፤ በ200 ሊትር ሂሳብ የሚጨምሩ ከሆነ ከመነሻው 20 በመቶ ያህል ትርፍ እያስገቡ ነው። ውሃው እምብዛም ስለማይቀየር ኮራሎቹ ካልወሰዱት ብዙው እዚያው ይጠራቀማል።

ከአራቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አዮዲኑ ነው። በተፈጥሮ የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው አዮዲን በሊትር 0.06 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ባለ 5 በመቶ የሉጎል አዮዲን (ብርቱ የአዮዲን ፈሳሽ) አንዷ ጠብታ 6 ሚሊግራም ያህል አዮዲን ስለምትይዝ፣ አንድ ጠብታ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ያው 100 ሊትር የባሕር ውሃ በተፈጥሮ የሚይዘውን ያህል አዮዲን በአንድ ጊዜ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ አዮዲን በግምት የሚጨመር ነገር አይደለም። ሁሉን አቀፍ የተባለው ጠርሙስም አዮዲን ሊኖረው ስለሚችል ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ካለው ሳያውቁት በእጥፍ እየጨመሩ ነው። የቁስል ማጠቢያ የሆነው ፖቪዶን አዮዲን ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ ገንዳው መግባት የለበትም።

ስትሮንሺየም በባሕር ውሃ ውስጥ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ይገኛል፤ ጥሩ የገንዳ ጨውም ይህንኑ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ አያሳስብም። ብረት ግን በክፍት ባሕር ላይኛው ውሃ ውስጥ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች የሚገኝ በመሆኑ በቤት ውስጥ መመርመሪያ ኪት በዚህ ደረጃ መለካት አይቻልም፤ ሲተርፍ ደግሞ ቀድሞ የሚጠቀምበት አልጌ ነው። የመስታወቱ አረንጓዴ መልበስ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ አልጌን የሚመግቡትን ናይትሬትና ፎስፌትንም አብረው ይለኩ።

መዶሻው ኮራል ሲሸማቀቅ ከጥቃቅኖቹ ማዕድናት በፊት መታየት ያለባቸው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። መጀመሪያ የጨውነቱን መጠን በሪፍራክቶሜትር (ጨውነትን በብርሃን መታጠፍ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። ትክክለኛው በሺህ 35 (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ሲሆን ወደ 32 ከወረደ በ35 ላይ በሊትር 420 ሚሊግራም የነበረው ካልሲየም 384 ሆኖ ይገኛል፤ የቀሩትም ማዕድናት በዚያው ልክ ያነሱ ይመስላሉ፤ ችግሩ ግን የጨው ማነስ ነው። በበጋው ደረቅ አየር ውሃ በብዛት ስለሚተን የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ የተነነውን የሚተካው የተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው።

ቀጥሎ አልካላይኒቲን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን ይለኩ። በባሕር 7 ዲግሪ ገደማ ነው (ይህ ዲግሪ የአልካላይኒቲ መለኪያ እንጂ የሙቀት አይደለም)፤ በገንዳ ከ7 እስከ 9 ባለው ውስጥ ሳይዋዥቅ ቢቆይ መልካም ነው። የኮራሎችዎን ፍጆታ በእርግጠኝነት የሚነግርዎትም እሱ ነው፤ ኮራል አጽሙን ሲገነባ አልካላይኒቲው 1 ዲግሪ ሲወርድ ካልሲየሙ የሚቀንሰው በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በ420 ላይ ይህን ያህሉን ለውጥ ኪቱ ላያሳይ ይችላል። ለ3 ቀን ምንም ሳይጨምሩና ውሃ ሳይቀይሩ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ለምሳሌ 8.4 የነበረው ከ3 ቀን በኋላ 7.5 ከሆነ ገንዳው በቀን 0.3 ዲግሪ ይጠቀማል። 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት የ100 ሊትር ውሃን አልካላይኒቲ 1 ዲግሪ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ለ165 ሊትር ውሃ በቀን 1.5 ግራም ገደማ ይበቃል። ከሱቅ የሚገዛው ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ለዚህ ይሆናል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ፈጽሞ በምትኩ አይጠቀሙበት። በተጣራ ውሃ አሟሙተው ፓምፑ ውሃውን በኃይል በሚገፋበት ቦታ ቀስ እያሉ ያፍስሱት። ካልሲየም የሚጨምሩ ከሆነ በዚያው ቅጽበት አይሁን፤ ሁለቱ ከተገናኙ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ለኮራሉ ሳይደርሱ ይቀራሉ። መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋበት ቀን የኮራሉም ፍጆታ ስለሚቀንስ፣ መብራቱ ሲመጣ የቀረውን አንድ ላይ ደርቦ መጨመር ተገቢ አይደለም።

አሁን ስለ ተጠራቀመው ትርፍ። በየሳምንቱ 15 በመቶውን ውሃ፣ ማለትም አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ያህል ይቀይሩ፤ ከአራት ጊዜ በኋላ ከተጠራቀመው ግማሽ ያህሉ ይወጣል። ለአንድ ጀሪካን የሚያስፈልገው የገንዳ ጨው 1 ኪሎ አይሞላም፤ ለአራቱ ጠርሙሶች የሚወጣው ገንዘብ በጨውና በመመርመሪያ ኪት ላይ ቢውል ኮራሎቹ የበለጠ ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም ጥቃቅኖቹ ማዕድናት በሙሉ ከጨው ጋር በተመጣጠነ መጠን ይገባሉ። ውሃውን በአር ኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን በሚያስቀር) ማጣራት ግድ ነው። በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ያለፈ ውሃ ዚንክ፣ የመዳብ ክፍል ባለው መጋጠሚያ ያለፈ ደግሞ መዳብ ሊይዝ ይችላል፤ መዳብ ኮራልን በጥቂቱም ይጎዳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትና ከሮቶ የሚወርድበት ሕንፃ ላይ የማጣሪያው ግፊት እንደሚያንስ ያስተውሉ፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ሲሆን ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ከ3 ባር በላይ ሲያገኝ ስለሆነ ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ያስፈልግዎታል።

ከአንድ ወር በኋላ ኮራሎቹ ካገገሙና አንድ ማዕድን እንደጎደለ በምርመራ ካወቁ፣ እሱን ብቻ በመለያው ላይ ካለው በግማሽ፣ ያውም በትክክለኛው የውሃ መጠን አስልተው ይጀምሩ፤ ሁለት ሳምንት ሳይከታተሉም ሌላ አይጨምሩ። ጥቃቅን ማዕድናትን አንድ በአንድ የሚለኩ ላቦራቶሪዎች ውጭ አገር ስላሉ፣ ጠርሙሶቹን ያመጣልዎት ዘመድ ሲመለስ ትንሽ የውሃ ናሙና ይዞልዎት ቢሄድ ትልቅ ውለታ ነው።

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ የኮራል ገንዳ ከአፋር የሚመጣውን ጨው ተጠቅሜ የጎደለውን በጠርሙስ ማዕድናት ማሟላት እችላለሁ?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አይችሉም። በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሆን የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሺየምና ሌሎችም ናቸው። የባሕር ውሃ ሲደርቅ እነዚህ አብረው አይረጉም፤ ጂፕሰሙ ቀድሞ፣ የገበታው ጨው ቀጥሎ፣ የማግኒዥየምና የፖታሺየም ጨዎች መጨረሻ ላይ ይረጋሉ። ፖታሹ (የፖታሺየም ጨው) ዳሎል አካባቢ ለብቻው ንብርብር ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ተቆርጦ የሚመጣው ጨው እንግዲህ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ከእሱ የጎደለው ማግኒዥየም ብቻ በሊትር ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የጥቃቅን ማዕድናት ጠርሙስ የተዘጋጀው ለዚህ አይደለም። ወጪው ካሳሰበዎት በ60 ሊትር ገንዳ፣ ለስላሳ ኮራሎችን ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ 6 ሊትር ለመቀየር ሩብ ኪሎ የማይሞላ የገንዳ ጨው ይበቃዎታል።