«ዲስኩ አልጫወት አለኝ» ላላችሁ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ኦሪጅናል ዲስክ ስለመሰብሰብ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ገንዘብ ወጥቶበት፣ በሻንጣ ተጭኖ ውቅያኖስ የተሻገረ ዲስክ ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ እምቢ ይላል። ጠያቂው ሁሉ ጥፋቱን ሪጅን ላይ ይጥላል፤ ሪጅን ማለት ዲስኩ ለተመደበለት የዓለም ክፍል በተሠራ ማጫወቻ ላይ ብቻ እንዲጫወት የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ሪጅን የሠራው ጥፋት ሞልቷል፤ ባልሠራው የሚወቀስበት ጊዜም አለ። በዚሁ እንጀምር።

«ወንድሜ አዲስ አበባ ተሞሽሮ እናታችን የሰርጉን ዲቪዲ በሰው ላከችልን። እዚህ ማጫወቻው ውስጥ ስንከተው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣና ይቆማል። ስቱዲዮው ቆልፎብን ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አልቆለፈባችሁም። ሰርግ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ዲስኩ ላይ የሪጅን ቁልፍ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም። የገጠማችሁ ፓል እና ኤንቲኤስሲ የሚባለው የቆየ የቴሌቪዥን ልዩነት ነው። ኢትዮጵያ እንደ አብዛኛው አውሮፓ ፓል ናት፤ ምስሉ 576 መስመር አለው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ይሄዳል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ናት፤ 480 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። አዲስ አበባ የሚሸጥ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያነባል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ግን ባብዛኛው ፓልን አይቀበልም፤ ቢቀበል እንኳ ቴሌቪዥኑ ሊያስቸግር ይችላል።

ኮምፒውተር ለዚህ ጉዳይ ደንታ የለውም። ዲቪዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ፈልጉና ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈቱት፤ ከዚያ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙት። ስቱዲዮው ዋናውን ፋይል ካልደመሰሰው ደግሞ በፍላሽ ገልብጦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ጥራቱም ከዲቪዲው ይሻላል። ለሙሽሮቹ መልካም ጋብቻ ብያለሁ።

«እህቴ ከአትላንታ ስትመጣ አንድ ካርቶን ኦሪጅናል ዲቪዲ ይዛልኝ መጣች። የእኔ ዴክ አንዱንም አይቀበልም፤ ‹ሪጅን› የሚል ጽሑፍ ያሳየኛል። መንገድ ላይ የገዛሁትን ኮፒ ግን ያለ ምንም ችግር ያጫውታል። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» (ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ)

ይሄኛው እውነተኛው ሪጅን ነው። የዲቪዲ ሕግ ዓለምን በ6 ከፍሏታል። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ 2። ደቡብ ኮሪያና ደቡብ ምሥራቅ እስያ 3፤ ላቲን አሜሪካና አውስትራሊያ 4፤ ቻይና ለብቻዋ 6። እኛ ከቀረው አብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5 ውስጥ ነን። አውሮፕላንና የመዝናኛ መርከብ ሳይቀር የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ 8። ካይሮ ከለንደን ጋር ስትመደብ አዲስ አበባ ከሞስኮ ጋር የተመደበችበትን ምክንያት ጂኦግራፊ አያስረዳዎትም፤ የፊልም ሻጮች የገበያ ካርታ ነው።

የእህትዎን ዲስኮች ሽፋን ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱ። ትንሽ የዓለም ሉል ምስል ውስጥ 1 ተጽፎ ያገኛሉ። «ኦል» የሚል ወይም 0 የሚል ቢሆን ኖሮ የትም ይሠራ ነበር። ብዙ የህንድ ፊልም ዲቪዲዎች እንዲያ ናቸው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሪሞትዎ ላይ ነው። በተለይ ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎች ለቴክኒሻን የተተወ የተደበቀ ሜኑ አላቸው። የዲስኩን መሳቢያ ከፍተው ወይም ሴትአፕ ውስጥ ገብተው የተወሰኑ ቁጥሮችን በተርታ ሲጫኑ የሪጅኑ ቁጥር ይመጣል፤ 0 አድርገው ይወጣሉ። ቁጥሮቹ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያዩ ማጫወቻው ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ስም ይዘው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ፤ ካልሆነም ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቤት ይውሰዱት። አንድ ወጥመድ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አንዳንድ የአሜሪካ ዲስኮች 0 የሆነ ማጫወቻን ለይተው የሚያውቁበት ተጨማሪ ቁልፍ ተደርጎላቸዋል። እንዲህ ያለው ዲስክ ሲገባ የዓለም ካርታና «ይህ ማጫወቻ አይሆንም» የሚል መልእክት ያሳይዎታል። ያን ጊዜ 0 ሳይሆን 1 ያድርጉት።

ፍርዱን ላሉት፣ ልክ ነዎት። ኮፒው ቁልፉ ወልቆ ስለተገለበጠ በሁሉም ቤት ይሠራል። ቁልፉ የቀረው ሒሳቡን ለከፈለው ሰው ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ይህን ነገር ለምን አመጡት? ሶፍትዌር እማራለሁ፤ ቴክኒክ ነው ወይስ ስግብግብነት?» (ከሐዋሳ)

ቴክኒክ እንዳልሆነ አንተው ሳትጠረጥር አልቀረህም። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1996 ጃፓን፣ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ደግሞ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች የሚያሳዩት በፊልም ጥቅል ነበር። አንዱን ቅጂ ማባዛት ብዙ ወጪ ስለነበረው አሜሪካ ሲታይ የከረመው ቅጂ ወደ ሌላ አገር ይዞር ነበር። በበጋ ኒውዮርክ የተከፈተ ፊልም ሲድኒ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ስቱዲዮዎቹ የፈሩት የሲድኒው ሰው ዲስኩን ከአሜሪካ አስመጥቶ ሲኒማ መግባት እንዳይተው ነው። ስለዚህ ለማጫወቻ አምራቾች «የዲስኩን ምስጢራዊ ቁልፍ የምትፈታበትን ፈቃድ የምታገኘው ሪጅኑን ካከበርክ ነው» ተባለ። ያን ምስጢር ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚሰብር ፕሮግራም ለቀቀበት፤ ተከሶም በ2003 ነፃ ወጣ። ለሶፍትዌር ተማሪ ጥሩ ንባብ ነው፣ ታሪኩን ፈልገው።

ሁለተኛው ምክንያት አሁንም አለ። የአንድ ፊልም የመሸጥ መብት ለእንግሊዝ ለአንዱ፣ ለፈረንሳይ ለሌላው፣ ለአሜሪካ ለሦስተኛው ይሸጣል። ቁልፉ እነዚህ ሻጮች አንዱ በሌላው ደጅ እንዳይነግዱ ይጠብቃል፤ በየአገሩ የተለያየ ዋጋ ለመጠየቅም ያመቻል። የመጀመሪያው ምክንያት ግን ሞቷል፤ ትልልቅ ፊልሞች ዛሬ ዓለምን የሚያዳርሱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

ነገሩ ባለሥልጣንም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን 25 የአሜሪካ ፊልሞችን በዲቪዲ አበረከቱላቸው። የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደጻፉት ብራውን ቤታቸው ገብተው ሊያዩ ሲሞክሩ ሪጅኑ አልገጠመም። ዋይት ሐውስ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አጥቶ ነው!

«ሪያድ ነው የምሠራው። ፒኤስ5 የጌም ማጫወቻ ገዝቻለሁ፤ ብሉሬይ መሰብሰብ ልጀምር ነው። ወደ አገር ስመለስ ይዤው እገባለሁ። የማን አገር ዲስክ ልግዛ?»

ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ብሉሬይ ካርታውን ወደ 3 አሳንሶታል። ኤ፦ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ። ቢ፦ አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አውስትራሊያ። ሲ፦ ሩሲያ፣ ህንድ፣ ቻይና። ሳዑዲም ኢትዮጵያም ቢ ናቸው፣ ስለዚህ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን የሚገዛው ለሁለቱም ቤትዎ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፦ ከለንደን የመጣ ዲቪዲ አዲስ አበባ ላይ ይቆለፋል፣ ከዚያው ሱቅ የተገዛው ብሉሬይ ግን ይሠራል።

ፒኤስ5 ጌሙን ከየትም ቢያመጡ ይቀበላል፤ ፊልም ላይ ግን የተሸጠበትን አገር ሪጅን ይዞ ይቀራል፤ የሚከፍት የሪሞት ቁጥርም የለውም። ከተራው ብሉሬይ የበለጠ ጥራት ያለው የፎርኬ (4K) ዲስክ ግን ሪጅን የለበትም፤ ከየትም ይግዙ። ሳጥኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ተራው ብሉሬይ ግን ሊቆለፍ ስለሚችል «ፎርኬ ስለሆነ ሁሉም ክፍት ነው» ብለው አይሸወዱ። በዚያ ላይ ዋርነር፣ ፓራማውንትና ዩኒቨርሳል ተራ ብሉሬዮቻቸውን ብዙ ጊዜ ሳይቆልፉ ነው ያወጡት፤ የአሜሪካ ዲስክ ሁሉ ዝግ ነው ማለት አይደለም።

«ኮምፒውተሬ ‹ሪጅን ይቀየር?› ሲለኝ እሺ እሺ እያልኩ ቆየሁ። አሁን ‹የቀረ ለውጥ 1› ይላል።» (ከአዳማ)

እጅዎን ያንሱ! እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ሪጅኑን 5 ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ቆጠራው ድራይቩ ራሱ ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አይመልሰውም። ያለዎትን ድራይቭ አብዛኛው ዲስክዎ ላለበት ሪጅን ይተዉት፤ ለሌላው በዩኤስቢ የሚሰካ ሁለተኛ ድራይቭ ይግዙ። ቪኤልሲም አንዳንድ ድራይቭ ላይ ሪጅኑን ሳይጠይቅ ስለሚያልፍ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ።

«የአፍሪካ ፊልሞችን እሰበስባለሁ። ጥሩ ጥሩው እድሳት የሚወጣው አሜሪካ ነው፤ እኔ ያለሁት ለንደን። ሁለት ማጫወቻ ከመግዛት ሌላ መንገድ አለ?»

የእርስዎ ጥያቄ እኔንም የሚያንገበግበኝ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣውን ‹ቱኪ ቡኪ› ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ዲስክ አሳታሚ በ2013 ከሌሎች የታደሱ ፊልሞች ጋር በአንድ ሣጥን አሳተመው። ዲቪዲው ሪጅን 1፣ ብሉሬዩ ሪጅን ኤ። ሴኔጋል 5 እና ቢ ናት። ዳካር የተቀረጸ ፊልም፣ ዳካር ሱቅ የሚሸጥ ማጫወቻ ላይ አይታይም ማለት ነው። አሳታሚውን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ የገዛው የአንድ ገበያ መብት ነው፣ ከዚያ ውጭ ቢሸጥ ይጠየቃል። ችግሩ ለሌላው ገበያ መብቱን የሚገዛ ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ቁልፉ የማንንም ንግድ ሳይጠብቅ ተመልካቹን ብቻ ያስቀራል።

ሰብሳቢ ደግሞ አንዱን እትም አግኝቶ አይበቃውም። የእንግሊዝ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ፣ ለቀረጻ ሲባል እንስሳ የተጎዳበትን ትዕይንት ስለሚከለክል የፈረስ መውደቅ ያለበት የድሮ ፊልም እዚያ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ያልተቆረጠውን የፈለገ ከሌላ አገር ያስመጣል። የአውሮፓ ዲቪዲ ላይ በ24 ፍሬም የተቀረጸው ፊልም በ25 ስለሚነዳ የ2 ሰዓቱ ፊልም 115 ደቂቃ ገደማ ላይ ያልቃል፤ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ጆሮው ለሙዚቃ የነቃ ሰው ይሄን መታገስ ያቅተዋል። ብሉሬይ በ24 ስለሚሄድ ከዚህ ገላግሎናል።

መንገዱ አንድ ነው፦ ለሁሉም ሪጅን የተከፈተ ማጫወቻ። ዲቪዲውን በሪሞት ቁጥር መክፈት ይቻል ይሆናል፤ ብሉሬዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ተከፍቶ ተጨማሪ ቺፕ ይፈልጋል። ይህን ሠርተው የሚሸጡ ሱቆች ለንደን ውስጥም አሉ። ዋጋው ከተራው ይወደዳል፣ የፋብሪካው ዋስትናም ይቀራል። ሁለት ርካሽ ማጫወቻ ማድረግም ነውር አይደለም። ብቻ አይዘግዩ፤ ኦፖ እ.ኤ.አ. በ2018 ማጫወቻ መሥራት ተወ፣ ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ ማውጣት አቆመ፣ ኤልጂም በ2024 ማብቂያ ላይ ተከተላቸው። ከትልልቆቹ አሁንም የሚሠሩት ሶኒና ፓናሶኒክ ናቸው።

«ማጫወቻዬን ባስከፍተው ያሳስረኛል?» (ከሲያትል)

ብዙ ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ አሜሪካ ውስጥ በግልጽ ይሸጣል፤ ገዝቶ ሳሎን በማስቀመጥ የሚጠይቅዎት የለም። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የቅጂ መብት ሕግ አጥብቆ የያዘው የዲስኩን ምስጢር ሰብሮ መገልበጥን ነው። አውስትራሊያ ቀለል ብላለች፤ ሕጉ የሪጅን ቁልፍን ከጥበቃው አውጥቶታል።

«ከዲሲ የተከፈተ ማጫወቻ ልላክልህ እያሉኝ ነው። ልቀበል?» (ከባሕር ዳር)

ከመቀበልህ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን የኤሌክትሪክ ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። «100–240 ቮልት» ካለ የሶኬት መለወጫ ብቻ ገዝተህ ሰካው። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ፓል ማጫወቱንም አብረህ ጠይቅ፤ ሪጅኑ ተከፍቶ ፓል የማያውቅ ማጫወቻ አለ።

«የድሮ የአማርኛ ፊልሞች በቪሲዲ አሉኝ፤ ሁሉም ሲዲ 1፣ ሲዲ 2 ናቸው። አዲሱ የብሉሬይ ማጫወቻዬ አያነባቸውም። እነሱም ሪጅን አላቸው?» (ከነታንያ፣ እስራኤል)

ቪሲዲ ሪጅን የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ነው ፊልሙ ለሁለት የተከፈለው። አሁን አልነበብ ያለው ብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ቪሲዲን ጨርሶ ስለተዉት ነው። እነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በሌላ መልክ ላይገኙ ስለሚችሉ ከሪጅን ይልቅ ስለ ዲስኩ ዕድሜ ይጨነቁ፤ በቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ ቀለሙ እየሳሳ ሲሄድ መነበብ ያቆማል። ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ከትተው ‹ኤምፔግ ኤቪ› የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። ስማቸው በ‹ዳት› የሚያልቁ ፋይሎች ያገኛሉ፤ ፊልሙ በመጠን ትልቁ ፋይል ነው። ሁለቱንም ሲዲ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው በቪኤልሲ ይሞክሯቸው። የተቧጨረው ሲዲ መሐል ላይ ቢያቆምብዎ ድራይቭ ይለውጡ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል።